የላፕቶፕ ስክሪን ብርሃን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ጀምረን ወደ አስቸጋሪው እንሄዳለን፤ የቸገራችሁን መርጣችሁ ብታነቡም ይበቃል።

ብርሃኑን የምቀንሰውና የምጨምረው ከየት ነው?

ፈጣኑ መንገድ ኪቦርዱ ነው። ከላይ ከተደረደሩት የኤፍ ቁልፎች መካከል የፀሐይ ሥዕል ያለባቸው ሁለት ቁልፎች አሉ። አንዷ ብርሃኑን ትቀንሳለች፣ ሌላዋ ትጨምራለች። ቦታቸው እንደ አምራቹና እንደ ሞዴሉ ይለያያል። ቲንክፓድ ላይ ኤፍ5 እና ኤፍ6፣ ብዙ የኤችፒ ላፕቶፖች ላይ ኤፍ2 እና ኤፍ3 ወይም ኤፍ3 እና ኤፍ4፣ በአዳዲስ ዴሎች ላይ ብዙ ጊዜ ኤፍ6 እና ኤፍ7፣ ማክቡክ ላይ ደግሞ ኤፍ1 እና ኤፍ2 ናቸው።

በማውስ መሥራት የሚቀናችሁ ከሆነ ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ የዊንዶውስን ቁልፍ ከኤ ጋር አብራችሁ ተጫኑ። ፀሐይ ያለበት ተንሸራታች መስመር ብቅ ይላል። ረጅሙ መንገድ ሴቲንግ፣ ከዚያ «ሲስተም»፣ ከዚያ «ዲስፕሌይ» ነው። ማክ ላይ ከላይ በቀኝ በኩል ያለውን «ኮንትሮል ሴንተር» ክፈቱ። ኡቡንቱ ላይም የቀኙን ላይኛ ጥግ ስትነኩ መስመሩን ታገኙታላችሁ።

የፀሐዩን ቁልፍ ስጫን ምንም ለውጥ የለም። ምን ሆኖ ነው?

መጀመሪያ ከታች በግራ ጥግ ያለውን የኤፍኤን ቁልፍ ይዛችሁ ሞክሩ። እያንዳንዱ የኤፍ ቁልፍ ሁለት ሥራ አለው። የትኛው ሥራ ቀድሞ እንደሚመጣ የሚወስነው የኤፍኤን መቆለፊያ ነው። ብዙ ሌኖቮና ዴል ላፕቶፖች ላይ ኤፍኤንን ከኢስኬፕ ጋር ስትጫኑ ይህ ቅደም ተከተል ይገለበጣል። ሰው ሳያውቅ ነክቶት «ኪቦርዴ ተበላሸ» የሚለው ብዙ ጊዜ ይሄንን ነው።

እሱም ካልሠራ በሴቲንግ ውስጥ ያለውን መስመር በማውስ ጎትቱት። መስመሩ እየሠራ ቁልፉ ብቻ እንቢ ካለ ችግሩ የኪቦርዱ ወገን ነው። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ልዩ ቁልፎቹን የሚያሠራው የአምራቹ ፕሮግራም አብሮ ሳይጫን ይቀራል፤ ከአምራቹ ድረ ገጽ በላፕቶፑ ሞዴል ፈልጋችሁ ጫኑት። መስመሩም ቁልፉም ካልሠሩ ግን ጣጣው ብዙ ጊዜ የግራፊክስ ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስ ስክሪኑን የሚያዝበት ፕሮግራም ነው። እሱን ወደ ታች እናገኘዋለን።

ስንት ከመቶ ላይ ባደርገው ይሻላል?

ለሁሉም የሚሆን ቁጥር የለም። የብርሃን መጠን የሚለካው በኒት ነው። አንዱ ላፕቶፕ እስከ 250 ኒት ብቻ ሲደርስ ሌላው 500 ይደርሳል። ስለዚህ የእናንተ 50 ከመቶና የጓደኛችሁ 50 ከመቶ አንድ አይደሉም። መቶኛው ለራሱ ለላፕቶፑ ብቻ የሚሠራ ልኬት ነው።

ቁጥሩን ትታችሁ ነጭ ወረቀት ተጠቀሙ። ባዶ ነጭ ገጽ ክፈቱና ከስክሪኑ አጠገብ ነጭ ወረቀት ያዙ። ስክሪኑ እንደ አምፖል የሚያበራ ከመሰላችሁ በዝቷል። ግራጫ ከመሰለ አንሷል። ሁለቱ ሲቀራረቡ እዚያ ላይ ተዉት። ክፍሉ ሲጨልም ወይም መስኮት ሲከፈት ደግሞ እንደገና ማስተካከል ነው። ፎቶ የሚያርሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከ80 እስከ 120 ኒት አካባቢ ይሠራሉ። ስክሪኑ ከዚያ በጣም ከበራ ፎቶው ስክሪን ላይ ያምርና ሲታተም ጨልሞ ይወጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዓይናችን የብርሃንን ለውጥ በእኩል ልክ አያይም። ከ10 ወደ 20 መውጣት ጉልህ ሆኖ ይታያል፤ ከ80 ወደ 90 ግን ብዙም አይታወቅም። ስለዚህ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የታችኛው ጫፍ ነው። ማክ ላይ ኦፕሽንና ሺፍትን ይዛችሁ የብርሃን ቁልፉን ብትጫኑ እርምጃው ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ለማታ በጣም ጥሩ ነው።

ብርሃኑ ሲበዛ ዓይን ይጎዳል?

ያደክማል፤ ይጎዳል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። የአሜሪካ የዓይን ሕክምና አካዳሚ ከስክሪን የሚወጣው ሰማያዊ ብርሃን ዓይንን እንደሚጎዳ የሚያሳይ ማስረጃ የለም ይላል። የዓይን መድረቅ፣ የራስ ምታትና ብዥታ ግን እውነት ናቸው። ዋናው ምክንያታቸውም የዓይናችን መርገብገብ መቀነሱ ነው። በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይናችንን የምናርገበግብ ሰዎች ስክሪን ላይ ስናፈጥ ከግማሽ በታች እንወርዳለን።

ዓይንን ይበልጥ የሚፈትነው ልዩነቱ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ የሚያንጸባርቅ ስክሪን፣ ወይም በብርሃን በተሞላ ክፍል ውስጥ የደበዘዘ ስክሪን፣ ሁለቱም ያሰለቻሉ። በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ ማየት የተለመደ ምክር ነው። ማታ ደግሞ ከስክሪኑ ጀርባ ትንሽ መብራት ማብራት ብርሃኑን ደጋግሞ ከማስተካከል በላይ ይረዳል።

ብርሃን መቀነስ ባትሪ ይቆጥባል? ዳርክ ሞድስ?

የመጀመሪያው አዎ፣ በደንብ። ቀለል ያለ ሥራ ላይ፣ ለምሳሌ ስትጽፉ ወይም ስታነቡ፣ ከባትሪው ትልቁን ድርሻ ከሚወስዱት ነገሮች አንዱ ስክሪኑ ነው። ቻርጀር ሳይኖር ባትሪው እያለቀ ከሆነ መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው።

ዳርክ ሞድ፣ ማለትም ገጹን ጥቁር ጽሑፉን ነጭ የሚያደርገው ምርጫ፣ ግን እንደ ስክሪኑ ዓይነት ነው። በኤልሲዲ ስክሪን ከጀርባ የሚበራው መብራት ገጹ ነጭም ሆነ ጥቁር ሁልጊዜ በርቶ ስለሚቆይ ቁጠባው ከቁጥር አይገባም። በኦሌድ ስክሪን እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ ነው የሚያበራው፤ ጥቁር ሲሆን ይጠፋል። ስለዚህ እዚያ ላይ ዳርክ ሞድ በእርግጥ ይቆጥባል። በተቃራኒው ኦሌድ ላይ ሙሉ ነጭ ገጽ በከፍተኛ ብርሃን ከፍቶ መዋል ባትሪውን በደንብ ይበላዋል።

ቻርጀሩን ስነቅለው ስክሪኑ ለምን ይደበዝዛል?

ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ዊንዶውስ ላይ የባትሪ ቆጣቢው ሲበራ ብርሃኑን በ30 ከመቶ ያህል ይቀንሳል። ካልፈለጋችሁ «ሲስተም» ውስጥ «ፓወር ኤንድ ባተሪ» ገብታችሁ ብርሃን ቀንስ የሚለውን አጥፉ። ማክ ላይ በባትሪ ሴቲንግ «ኦፕሽንስ» ስር በባትሪ ሲሠራ ስክሪኑን ጥቂት አደብዝዝ የሚል ምርጫ አለ። አንዳንድ ላፕቶፖች፣ በተለይ ዴሎች፣ በባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት በሚከፈተው የላፕቶፑ ሴቲንግ) ውስጥ ለባትሪና ለቻርጀር የተለያየ የብርሃን መጠን ይይዛሉ። ሴቲንግ ውስጥ ሁሉንም አጥፍታችሁ አሁንም የሚደበዝዝ ከሆነ እዚያ ተመልከቱ።

እኔ ሳልነካው ራሱ ከፍ ዝቅ ይላል። እንዴት ላስቁመው?

ይህ ጥያቄ ሰውን ከሁሉም በላይ ያናድዳል። ምክንያቱም ያንን ብርሃን የሚነካው እጅ አንድ አይደለም። አንዱን አጥፍታችሁ ካልቆመ ሌላው እየሠራ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሴቲንግ ከመጎርጎር በፊት የትኛው እንደሆነ ለዩ።

መጀመሪያ ካሜራው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በአውራ ጣታችሁ ሸፍኑና ጥቂት ሰከንድ ጠብቁ። ስክሪኑ ከደበዘዘ የክፍሉን ብርሃን የሚለካው ሴንሰር ነው። ሰው መስኮቱ ላይ ጥላ ሲጥል፣ ደመና ሲያልፍ፣ እሱ ይከተላል። ዊንዶውስ ላይ «ዲስፕሌይ» ውስጥ ከብራይትነስ መስመር አጠገብ ያለውን ቀስት ከፍታችሁ በአካባቢ ብርሃን ለውጥ የሚያስተካክለውን ምርጫ ምልክቱን አንሱ። ማክ ላይ «ዲስፕሌይስ» ውስጥ «አውቶማቲካሊ አጀስት ብራይትነስ» የሚለውን አጥፉ። ሴንሰር የሌለው ላፕቶፕ ላይ ምርጫው ጭራሽ አይታይም።

ጣታችሁ ምንም ካልለወጠ ቀጥሎ ሙሉ ነጭ ገጽ ክፈቱ፣ ከዚያ ወደ ሙሉ ጥቁር ቀይሩ። የክፍሉ ብርሃን ሳይለወጥ ስክሪኑ ቀስ እያለ ከተለዋወጠ፣ በገጹ ይዘት የሚመራ ማስተካከያ ነው። ፊልም ላይ ጨለማ ትዕይንት ሲመጣ ይበልጥ የሚጨልመው በዚሁ ነው። ዊንዶውስ 11 ላይ ይህ ምርጫ እዚያው ብራይትነስ ስር አለ፤ «ኦፍ» አድርጉት። እሱ ጠፍቶም ከቀጠለ የግራፊክስ ቺፑ የራሱ ቆጣቢ አለው። ኢንቴል ከሆነ የኢንቴልን ግራፊክስ ፕሮግራም ከፍታችሁ በኃይል ክፍሉ ውስጥ የስክሪን ኃይል ቆጣቢውን አጥፉ። ኤኤምዲ ከሆነ በራዲዮን ሶፍትዌር ውስጥ «ቫሪ ብራይት» የሚባለውን ፈልጉ። እነዚህ ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ቻርጀሩ ሲነቀል ብቻ ስለሆነ፣ ስትፈትሹም ቻርጀሩን ነቅላችሁ ይሁን።

አራተኛም አለ። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ፊታችሁን ከስክሪኑ ዞር ስታደርጉ ያደበዝዛሉ፤ መልሳችሁ ስታዩ ያበራሉ። ዊንዶውስ 11 ላይ ሰው መኖሩን የሚለይ ሴንሰር ያለው ላፕቶፕ ብቻ ነው ይህን የሚያደርገው። ማስታወሻ ደብተር እያዩ ለሚጽፉ ሰዎች በጣም ያበሳጫል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማጠፋው እሱን ነው።

ናይት ላይት ከብራይትነስ በምን ይለያል?

ናይት ላይት ቀለሙን ነው የሚቀይረው፤ ሰማያዊውን ቀንሶ ስክሪኑን ወደ ብርቱካናማ ይወስደዋል። ብራይትነስ መጠኑን ይቀይራል። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ማክ ላይ ናይት ሺፍት ይባላል። ትሩ ቶን የሚባለው ደግሞ ነጩን ከክፍሉ መብራት ቀለም ጋር ያመሳስላል። ማታ ስክሪኑ ቢጫ ከሆነባችሁና ብርሃን ስትጨምሩ ካልጠራ፣ መንካት ያለባችሁ እነዚህን ነው።

ደጅ ፀሐይ ላይ ምንም አይታየኝም። መፍትሔ አለው?

ትንሽ ነው ያለው። ብዙ ላፕቶፖች ከ250 እስከ 400 ኒት ይሰጣሉ። የፀሐይ ብርሃን ግን ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ የሚያንጸባርቀው ብቻ ያንን ይውጠዋል። 500 ኒትና ከዚያ በላይ ያለው፣ በተለይ ገጽታው የማያንጸባርቅ ስክሪን፣ ጥላ ሥር ይሠራል። ቀጥታ ፀሐይ ላይ ግን እሱም ይቸገራል።

ብርሃኑን እስከ መጨረሻው አውጡ፣ ባትሪ ቆጣቢውን አጥፉ፣ ዳርክ ሞድን ወደ ነጭ ቀይሩ። ጥቁር ገጽ ደጅ ላይ መስታወት ይሆናል፤ ከጽሑፉ ይልቅ የራሳችሁን ፊት ታያላችሁ። ከጀርባችሁ ፀሐይ እንዳይኖር ዞራችሁ ተቀመጡ። የፀሐይ መነጽር ካደረጋችሁ አውልቃችሁ ሞክሩ፤ ፖላራይዝድ የሆነው ዓይነት ኤልሲዲን በአንድ አቅጣጫ ፍጹም ሊያጨልመው ይችላል።

መጨረሻ ድረስ ዝቅ አድርጌም ማታ ይበዛብኛል።

የመብራቱን ዝቅተኛ ልክ የሚወስነው አምራቹ ነው፤ ከእሱ በታች በቁልፍ መውረድ አይቻልም። ያኔ ሥራው የሶፍትዌር ይሆናል። ስክሪኑ ላይ ጥቁር ስስ መጋረጃ የሚያለብሱ ፕሮግራሞች አሉ፤ ኤፍ ላክስ የተባለው የስክሪን ቀለም ማስተካከያ ፕሮግራምም ማደብዘዣ አለው። መብራቱ ያው ሆኖ ነጩ ወደ ግራጫ ስለሚወርድ ባትሪ ኤልሲዲ ላይ አይቆጥቡም፣ ቀለምም ትንሽ ያጠፋሉ። ለማንበብ ግን ይበቃሉ። ዳርክ ሞድን ከዚህ ጋር ማጣመር ይሻላል።

የብራይትነስ መስመሩ ከሴቲንግ ውስጥ ጠፋብኝ።

«ዲቫይስ ማኔጀር»ን ክፈቱና «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» የሚለውን ዘርጉ። እዚያ ላይ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ብቻ ከተጻፈ ምክንያቱን አገኛችሁት። ዊንዶውስ የግራፊክስ ቺፑን አላወቀውም፣ በመጠባበቂያ ድራይቨር ነው የሚሠራው። በመጠባበቂያው ሥዕል ይታያል እንጂ ብርሃን አይታዘዝም። ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ትክክለኛውን ድራይቨር አውርዳችሁ ጫኑና ሪስታርት አድርጉ።

የቺፑ ስም በትክክል ተጽፎ ሳለ መስመሩ ከጠፋ፣ በተለይ ከአፕዴት በኋላ ከሆነ፣ ስሙ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ድራይቨር»፣ ከዚያ «ሮል ባክ ድራይቨር» በሉት። ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። እዚያው ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ «ሞኒተርስ» የሚለውንም እዩ። «ጄነሪክ ፒኤንፒ ሞኒተር» ላይ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ካለ ተዘግቷል ማለት ነው፤ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ኢኔብል» በሉት።

ሁለት ግራፊክስ ቺፕ ያላቸው የጌም ላፕቶፖች የራሳቸው ጣጣ አላቸው። በትልቁ ቺፕ ብቻ እንዲሠራ ስታደርጉት ስክሪኑን የሚያዘው ድራይቨርም አብሮ ይቀየራል። የዚያኛው ድራይቨር ያረጀ ከሆነ ብርሃኑ እንደቆመ ይቀራል። ወደ ድብልቁ ሞድ መልሳችሁ ሞክሩ።

ውጫዊ ሞኒተር ሰክቼ የላፕቶፑ ቁልፍ ለምን አይሠራለትም?

ዊንዶውስ ላይ ቁልፉ የሚያዘው የላፕቶፑን የራሱን ስክሪን ነው። የውጭው ሞኒተር የራሱ ቁልፎችና ሜኑ አለው፤ ከጀርባው ወይም ከሥሩ በእጃችሁ ዳብሱ።

ከኮምፒውተሩ ሆኖ ማዘዝም ይቻላል። ብዙ ሞኒተሮች ዲዲሲ ሲአይ የሚባል የትዕዛዝ መንገድ አላቸው፤ በዚያው በኤችዲኤምአይ ወይም በዲስፕሌይፖርት ገመድ ያልፋል። ዊንዶውስ ላይ ትዊንክል ትሬይ፣ ማክ ላይ ሞኒተርኮንትሮል የተባሉት ፕሮግራሞች ይጠቀሙበታል። ጭናችሁ ሞኒተሩን ካላገኙት ከሞኒተሩ ሜኑ ውስጥ ዲዲሲ ሲአይ ጠፍቶ ይሆናል። ቴሌቪዥን ከሆነ ግን ተስፋ አታድርጉ፤ ሪሞቱን ፈልጉ። አንዳንድ መገናኛ አዳፕተሮችም ሥዕሉን ያሳልፉና ትዕዛዙን ያስቀራሉ፤ ገመዱን በቀጥታ ሰክታችሁ ብታወዳድሩ ይለያል።

ስክሪኑ ጭልም አለ። ብርሃኑ ዜሮ ሆኖ ነው ወይስ ተበላሽቶ?

መጀመሪያ የብርሃን መጨመሪያውን ቁልፍ ደጋግማችሁ ተጫኑ። አንዳንድ ሊኑክስ ላይ ዜሮ ማለት በእርግጥ መብራቱን ማጥፋት ነው፤ ቁልፉ ይመልሰዋል። ካልመለሰው ሪስታርት አድርጉት። ሲስተምዲ የተባለው የማስነሻ ፕሮግራም ያለበት ሊኑክስ ሲነሳ የተቀመጠው ብርሃን ከ5 ከመቶ በታች ከሆነ ወደዚያ ከፍ ስለሚያደርገው ቢያንስ ትንሽ ይታያችኋል። ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስን ቁልፍ፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ቢን በአንድ ላይ ተጫኑ። ይህ የግራፊክስ ድራይቨሩን ብቻ ሪስታርት ያደርገዋል፤ የከፈታችሁት ሥራ አይጠፋም።

አሁንም ከጨለመ የስልካችሁን የባትሪ መብራት አብሩና ስክሪኑ ላይ ጠጋ አድርጋችሁ በጎን አብሩበት። የዴስክቶፑ ምስል ወይም ጽሑፍ ደብዝዞ ከታያችሁ ምስሉ አለ፣ የሞተው የጀርባ መብራቱ ነው። ስክሪኑ ራሱ፣ ገመዱ ወይም መብራቱን የሚመግበው ክፍል ሊሆን ይችላል፤ ወደ ጠጋኝ የሚያስኬድ ነው። ለጠጋኙም «ምስሉ አለ፣ መብራቱ የለም» ብትሉት ሥራው ይቀልለታል። ምንም ካልታየ ውጫዊ ሞኒተር ሰኩ። እዚያ ላይ ከታየ ፋይላችሁን ቅዱና ከዚያ ስለ ጥገናው አስቡ። በስልክ መብራት ማየቱ ለኤልሲዲ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ኦሌድ የጀርባ መብራት የለውም።

ኤችዲአር ካበራሁ በኋላ ሁሉ ነገር ፈዛዛ ሆነብኝ።

ኤችዲአር በጣም ብሩህና በጣም ጨለማ የሆነውን በአንድ ምስል ላይ አጉልቶ የሚያሳይ የሥዕል ዓይነት ነው። ሲበራ ዊንዶውስ ተራውን ነገር፣ ማለትም ዴስክቶፑን፣ ብሮውዘሩን፣ ሰነዱን፣ ለብቻው ይመዝነዋል። ለእሱ የተለየ መስመር አለ። «ዲስፕሌይ» ውስጥ «ኤችዲአር» ገብታችሁ የኤስዲአርን (የተራውን) ይዘት ብርሃን አስተካክሉ። ብዙ ውጫዊ ሞኒተሮች ኤችዲአር ላይ ሲገቡ የራሳቸውን የብርሃን ቁልፍ ይቆልፋሉ፤ ስለዚህ እዚያ ብትደክሙ ምንም አይመጣም። ለመፈተን የዊንዶውስን ቁልፍ ከአልትና ከቢ ጋር ተጫኑ። ኤችዲአርን ያበራል፣ ያጠፋል። ፊልም ወይም ጌም ከሌለ እንዲሁ ጠፍቶ ቢቆይ ምንም አይቀርባችሁም።

ብርሃኑን ስቀንስ ይበልጥ ራሴን ያመኛል። ይሄ ሊሆን ይችላል?

ይችላል። ብዙ ስክሪኖች ብርሃን የሚቀንሱት መብራቱን በማድከም አይደለም፤ በሰከንድ በመቶዎች ጊዜ እያበሩና እያጠፉ ነው። ጠፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ሲረዝም ለእኛ የደበዘዘ ይመስለናል። ዘዴው ፒደብሊውኤም ይባላል። ብዙ የኦሌድ ላፕቶፖች ላይ ፍጥነቱ 240 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 240 ጊዜ አካባቢ ነው። አብዛኛው ሰው አይታወቀውም፤ የሚሰማቸው ሰዎች ግን ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ዓይናቸው ይደክማል። በ2015 የወጣው የአይትሪፕልኢ (የዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር) የብልጭታ መመሪያ ከ3000 ኸርዝ በላይ ሲሆን ተጽዕኖው አይታይም ብሎ ይወስደዋል።

ለማወቅ በስልካችሁ ካሜራ ፕሮ ሞድ ውስጥ የሻተር ፍጥነቱን 1/1000 ሰከንድ አድርጉ፣ ስክሪኑን ወደ 20 ከመቶ አውርዱና ነጭ ገጽ ላይ አነጣጥሩ። ወፍራም ጥቁር ሰንበር ሲሻገር ካያችሁ ብልጭታው አለ። ከዚያ ብርሃኑን ቀስ እያላችሁ ጨምሩና ሰንበሩ የሚጠፋበትን ልክ ፈልጉ። አንዳንዱ 40 ከመቶ ላይ ይጠፋል፣ አንዳንዱ እስከ መጨረሻው አይጠፋም። ከጠፋላችሁ ቁልፉን እዚያ ላይ ተዉትና ቀሪውን ማደብዘዝ ቀደም ሲል ባነሳነው በሶፍትዌር መጋረጃ አድርጉት። አሱስ ለኦሌድ ላፕቶፖቹ ይህንኑ በማይአሱስ ፕሮግራም ውስጥ አስገብቶታል። ላፕቶፕ ልትገዙ ከሆነና ራስ ምታቱን የምታውቁት ከሆነ፣ ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ይህንኑ የካሜራ ሙከራ አድርጉበት። ሻጩ ቢገረምም ግድ የለም።